የታይሚንግ ቺንጋ ፊዚክስ፦ የተጎዳን ቺንጋ በቤት ውስጥ ስለ መቀየር

በመኪና ሞተር ውስጥ ካሉት ክፍሎች መካከል እንደ ታይሚንግ ቺንጋ በዋጋው አነስተኛ፣ በኃላፊነቱ ግን ከባድ የሆነ ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል። ከጎማና ከክር የተሠራ፣ ስፋቱ ከሁለት ጣት የማይበልጥ፣ በውስጥ ገጹ ጥርስ ያወጣ ቀበቶ ነው። በፕላስቲክ ሽፋን ተከልሎ ስለሚሽከረከር ብዙዎቹ ባለመኪኖች ዓይተውት አያውቁም። አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሰው ከተበጠሰ በኋላ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ቤተሰባችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ለመጓዝ ስንዘጋጅ፣ ከመነሻችን አንድ ሳምንት ቀደም ብለን የአሮጌዋን ቶዮታ ኮሮላችንን የቺንጋ ሽፋን ከፈትን። መኪናዋን ስንገዛ «ቺንጋው በቅርቡ ተቀይሯል» ተብለን ነበር። ያየነው ግን ሌላ ነው። ቺንጋው በዘይት ርሷል፤ በጥርሶቹ ሥር ስንጥቅ ይታያል፤ ሁለቱ ጥርሶች ግማሽ አካላቸው ተገምጧል። በጉዟችን መካከል የአባይ ሸለቆ አለ። መንገዱ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ደጀን መልሶ ይወጣል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ሞተር ድንገት ቢቆም የፍሬን አጋዡ ከሞተሩ የሚያገኘው የአየር መሳብ ይቋረጣል፤ የተጠራቀመው አንድ ሁለት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ መሪውም ይከብዳል። ስለዚህ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ቺንጋው መቀየር ነበረበት። ሥራውንም በግቢያችን ውስጥ ራሳችን ለመሥራት ወሰንን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ማሳየት ብቻ አይደለም። በየደረጃው «ለምን?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ እንደሚገኝ ለማሳየት እንሞክራለን።

ቺንጋው ምን ይሠራል?

እንደሚታወቀው የተለመደው የቤንዚን ሞተር ሥራውን የሚያከናውነው በአራት ምት ነው፤ እነዚህም መሳብ፣ ማመቅ፣ መቃጠልና ማስወጣት ናቸው። ፒስቶኑ በእያንዳንዱ ምት አንድ ጊዜ ይወርዳል ወይም ይወጣል። ይህም የክራንክ ሻፍቱ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 180 ዲግሪ ነው። አራቱ ምቶች ሲደመሩ 720 ዲግሪ ወይም ሁለት ሙሉ ዙር ይሆናሉ። በአንጻሩ እያንዳንዱ ቫልቭ በእነዚህ ሁለት ዙሮች ውስጥ መከፈት ያለበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት በመሆኑ፣ ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካም ሻፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ መዞር አለበት። የካሙ ፑሌጃ የጥርስ ብዛት የክራንኩ እጥፍ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ለስሌት እንዲመቸን የክራንኩ ፑሌጃ 24፣ የካሙ ፑሌጃ 48፣ ቺንጋው ደግሞ 120 ጥርስ አለው እንበል። አንድ ጥርስ በክራንኩ ላይ 360 ÷ 24 = 15 ዲግሪ፣ በካሙ ላይ ደግሞ 360 ÷ 48 = 7.5 ዲግሪ ይሆናል። ቺንጋው በክራንኩ ላይ አንድ ጥርስ ቢዘል፣ ቫልቮቹ ከፒስቶኑ አንጻር በ15 ዲግሪ የክራንክ ዙር ይቀድማሉ ወይም ይዘገያሉ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር አንድ ዙር የሚፈጀው 20 ሚሊ ሴኮንድ ነውና፣ ስሕተቱ በጊዜ ሲሰላ 0.83 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህች እጅግ አጭር ጊዜ የሞተሩን ጉልበት ለመቀነስ፣ ነዳጅ ለማባከንና ሞተሩ ሥራ ሲፈታ እንዲንቀጠቀጥ ለማድረግ ትበቃለች።

የቺንጋውን ድካም ለመገመት ደግሞ መኪናው በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ ሞተሩም በደቂቃ 2,000 ጊዜ እየዞረ 100,000 ኪሎ ሜትር ተጓዘ እንበል። ይህ 2,500 የሥራ ሰዓት ነው። በነዚህ ሰዓታት ውስጥ ክራንክ ሻፍቱ 300 ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል። 120 ጥርስ ያለው ቺንጋ አንድ ሙሉ ዙር የሚያጠናቅቀው ክራንኩ አምስት ጊዜ ሲዞር በመሆኑ፣ ቺንጋው ራሱ 60 ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዙር ቢያንስ በሦስት ፑሌጃዎች ላይ ይታጠፋል፤ መልሶም ይዘረጋል። ጎማና ክር 180 ሚሊዮን ጊዜ ታጥፎ መዘርጋቱን ስናስብ፣ ለምን በየጊዜው መቀየር እንዳለበት ሳይሆን ያን ያህል ጊዜ እንዴት እንደሚቆይ መደነቃችን አይቀርም።

ለምን ጥርስ አስፈለገው?

ዲናሞን የሚያዞረው ተራ ቺንጋ ኃይል የሚያስተላልፈው በሰበቃ ነው። ሰበቃ ደግሞ ገደብ አለው፤ ጭነቱ ከገደቡ ሲያልፍ ቺንጋው ይንሸራተታል። ዲናሞ ጥቂት ቢንሸራተት ጉዳት የለውም፤ በካም ሻፍት ላይ ግን ትንሿ መንሸራተት በየዙሩ እየተደመረች ፒስቶንና ቫልቭን ታለያያለች። ጥርስ ያለው ቺንጋ ኃይሉን የሚያስተላልፈው ጥርስ ጥርስን በመግፋት ስለሆነ፣ ጥርሶቹ እስካልተሸረፉና ውጥረቱ እስካልላላ ድረስ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው የማዕዘን ግንኙነት አይናወጥም።

በብዛት ከተመረቱ መኪኖች መካከል በጎማ የታይሚንግ ቺንጋ ለመጠቀም የመጀመሪያው በጀርመን አገር ሃንስ ግላስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 ማምረት የጀመረው ግላስ 1004 ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1966 በቢኤምደብሊው ቢገዛም አሠራሩ ግን በዓለም ተስፋፋ። ቺንጋ ከሰንሰለት ይልቅ ቀላልና ድምፅ አልባ ነው፤ ቅባትም አይፈልግም። ይሁን እንጂ ዕድሜው አጭር ነው። በአገራችን በብዛት ከሚታዩት መኪኖች መካከል የ1990ዎቹ ኮሮላዎች (እ.ኤ.አ.) ቺንጋ ሲኖራቸው፣ ከእነሱ በኋላ የመጡት እንደ ቪትዝ ያሉት በሰንሰለት የሚሠሩ ናቸው። ስለሆነም አንድ ሰው ማንኛውንም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመኪናው ሞተር ቺንጋ ወይስ ሰንሰለት እንዳለው ማረጋገጥ ይገባዋል።

ቺንጋው ሦስት ነገሮችን ያጣመረ ነው። ርዝመቱን ተከትለው የተዘረጉት የመስታወት ክሮች ውጥረቱን ይሸከማሉ፤ ጎማው ቅርጹን ይሰጠዋል፤ ጥርሶቹን የሸፈነው የናይለን ጨርቅ ደግሞ መፋቅን ይከላከላል። የመስታወት ክር ሲጎተት እጅግ ጠንካራ ነው፤ በጠባቡ ሲታጠፍ ግን ይሰበራል። አዲስ ቺንጋ በእጅ አጥፎ መሞከር ክልክል የሆነውም ለዚህ ነው፤ ጉዳቱ ከውጭ አይታይምና። ጎማው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኒዮፕሪን ነበር። በኋላ ሃይድሮጂን የታከለበት ናይትራይል ጎማ በስፋት ተተካ። ምክንያቱም በጎማው ሞለኪውል ውስጥ ያሉት ድርብ ቦንዶች ሙቀትና ኦዞን የሚያጠቋቸው ደካማ ቦታዎች በመሆናቸው፣ ሃይድሮጂን ሲታከልባቸው አብዛኞቹ ወደ ነጠላ ቦንድ ተለውጠው ጎማው ዕድሜው ይረዝማል።

ቢበጠስ ምን ይከተላል?

ቺንጋው ሲበጠስ ካም ሻፍቱ በቫልቭ ስፕሪንጎች ግፊት ወዲያውኑ ይቆማል። ክራንክ ሻፍቱና ቮላኖው ግን ባላቸው ኢነርሺያ መዞራቸውን ይቀጥላሉ። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ፒስቶኑ በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ውስጥ አምስት ጊዜ ወደ ላይኛው ጫፍ ይደርሳል። ስለሆነም ሾፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ሳይገልጥ የሚሆነው ሁሉ ሆኗል። ጥያቄው፣ ተከፍቶ የቆመውን ቫልቭ ፒስቶኑ ይመታዋል ወይስ አይመታውም የሚለው ነው።

መልሱ የሚወሰነው በላይኛው ጫፍ በሚቀረው ክፍተት ነው። የእመቃ ንጥጥር ማለት ፒስቶኑ ታች ሲሆን ያለው ይዘት ላይ ሲሆን ላለው ይዘት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የእኛ መኪና 1.6 ሊትሩ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር የፒስቶኑ ጉዞ 77 ሚሊ ሜትር፣ የእመቃ ንጥጥሩ 9.5 ነው። ከዚህ ተነሥተን የቀሪውን ክፍተት አማካይ ቁመት ማስላት እንችላለን፦

አማካይ ቁመት = የፒስቶን ጉዞ ÷ (ንጥጥር − 1) = 77 ÷ 8.5 = 9 ሚሊ ሜትር ገደማ።

አሁን የፒስቶን ጉዞው 92 ሚሊ ሜትር፣ ንጥጥሩ 22 የሆነ የናፍጣ ሞተር እንውሰድ። አማካይ ቁመቱ 92 ÷ 21 = 4.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚያም ላይ በናፍጣ ሞተር አብዛኛው ቀሪ ይዘት በፒስቶኑ ጉድጓድ ወይም በቴስታታው ውስጥ ባለ ትንሽ ክፍል ስለሚያዝ፣ ከፒስቶኑ ጠፍጣፋ ገጽ በላይ የሚቀረው ክፍተት ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ቫልቭ ግን ሲከፈት በርካታ ሚሊ ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ በናፍጣ ሞተር ቺንጋ ሲበጠስ ግጭት እንደማይቀር መቁጠር ይገባል፤ ቫልቭ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ፒስቶን ይበሳል። ከቤንዚን ሞተሮች መካከል የሚጋጩም የማይጋጩም አሉ። አማካይ ቁመቱ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ የቫልቮቹ ዝንባሌና በፒስቶኑ ራስ ላይ የተቀረጸው ጎድጓዳ ስፍራም ይወስናሉ። 4ኤ-ኤፍኢ ከማይጋጩት ወገን መሆኑ ለእኛ ዕድል ነበር። አንባቢ ግን ስለ ራሱ ሞተር ከአምራቹ መመሪያ ሳያረጋግጥ በዚህ ዕድል መተማመን የለበትም።

ከሥራው በፊት

በመጀመሪያ ደረጃ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ይህ ሥራ የጀማሪ የመጀመሪያ ሥራ አለመሆኑ ነው። ዘይትና ካንዴላ ቀይሮ የማያውቅ፣ ወይም የሞተሩን መመሪያ መጽሐፍ ያላገኘ ሰው፣ በተለይም ሞተሩ ከሚጋጩት ወገን ከሆነ፣ ሥራውን ለሠለጠነ መካኒክ ቢተው ይሻለዋል።

ሁለተኛው የክሪክ ጉዳይ ነው። ክሪክ መኪና ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የሚወድቅ አካል መሬት ለመድረስ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። ይህ ደግሞ ሰው አደጋን አይቶ እጁን ማንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ ከሚፈጅበት ጊዜ ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለሆነም መኪናው በብረት መደገፊያ ላይ ሳያርፍ፣ የኋላ ጎማዎቹም በድንጋይ ወይም በእንጨት ሳይታገዱ ማንም ከሥሩ መግባት የለበትም።

ያዘጋጀናቸው መሣሪያዎች የብሎን መፍቻዎች፣ ልክ የሚያሳይ የቶርክ መፍቻ፣ ክሪክና መደገፊያ፣ ካቻቪቴ፣ ጠፍጣፋ እንጨት፣ ነጭ ቀለም፣ ማስመሪያ፣ የስፕሪንግ ሚዛንና ማስታወሻ ደብተር ናቸው። ከአዲሱ ቺንጋ ጋር አዲስ የወጣሪ ኩሽኔታና የክራንክ ሻፍቱን የፊት ዘይት ማገጃ ጎማ ገዛን። ዘይቱ የፈሰሰው ከዚህ ማገጃ ነበርና፣ ምክንያቱን ሳያስወግዱ ቺንጋውን ብቻ መቀየር ሥራውን መልሶ መላልሶ መሥራት ይሆናል። አዲሱንም ቺንጋ ከአሮጌው ጎን አድርገን ስፋቱን ለካን፤ ጥርሶቹን ቆጠርን፤ የጥርሶቹን ቅርጽ አመሳከርን።

የሥራው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ እንፈታለን። ከዚያ የዲናሞውንና የሌሎቹን የውጭ ቺንጋዎች እናወጣለን፤ የቫልቭ ሽፋኑንና አራቱን ካንዴላዎች እንፈታለን። ካንዴላ ሲወጣ የታመቀው አየር ስለሚያመልጥ ሞተሩን በእጅ ማዞር ይቀላል፤ የሚሰማንም ተቃውሞ ካለ ከአየር ሳይሆን ከብረት እንደመጣ እናውቃለን።

ሁለተኛ፣ የክራንኩን የፑሌጃ ብሎን እናላላለን። ይህ ብሎን በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ከ100 ኒውተን ሜትር በላይ በሆነ ቶርክ የታሰረ ነው። ቶርክ የኃይልና የክንድ ርዝመት ብዜት ስለሆነ፣ በ50 ሳንቲ ሜትር መፍቻ 120 ኒውተን ሜትር ለማግኘት 240 ኒውተን፣ ማለትም የ24 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም ያስፈልጋል። መፍቻውን በሁለት እጥፍ ብናስረዝመው ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ክራንኩ አብሮ እንዳይዞር መኪናው በእጅ የሚቀየር ማርሽ ካለው በአምስተኛ ማርሽ ላይ አድርገን አንድ ሰው ፍሬን ይረግጥልናል። ከፍተኛውን ማርሽ የመረጥነው በእርሱ የክራንኩ ቶርክ ጎማው ዘንድ ሲደርስ የሚባዛው በትንሹ በመሆኑ ፍሬኑ በቀላሉ ስለሚይዘው ነው። መፍቻውን ከአካሉ ጋር አስደግፎ በሞተሪኖ መምታት አንዳንዶች የሚያደርጉት ቢሆንም፣ መፍቻው ሊወነጨፍ ስለሚችል አንመክርም። ብሎኑ ከላላ በኋላ ማርሹ ወደ ፎሌ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያውን ሲሊንደር በእመቃ ላይኛ ጫፍ ላይ እናደርጋለን። ሞተሩን በክራንኩ ብሎን ወደ ራሱ የመዞሪያ አቅጣጫ ብቻ እያዞርን፣ የፑሌጃው ጭረት በሽፋኑ ላይ ካለው ዜሮ ጋር እንዲገጥም እናደርጋለን። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የሞተሩ ዑደት 720 ዲግሪ በመሆኑ የክራንኩ ጭረት በአንድ ዑደት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከዜሮ ጋር ይገጥማል፤ አንዱ የእመቃ፣ ሌላው የማስወጣት መጨረሻ ነው። ሁለቱን የሚለየው ካም ሻፍቱ ነው። የመጀመሪያው ሲሊንደር ቫልቮች ሁሉም ተዘግተው የቫልቭ መግፊያዎቹ ልል ከሆኑ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነን፤ ካልሆነ አንድ ሙሉ ዙር እንጨምራለን። በ4ኤ-ኤፍኢ ላይ በካሙ ፑሌጃ ያለው ቀዳዳ ከካም ሻፍቱ መያዣ ምልክት ጋር መግጠም አለበት።

አራተኛ፣ ከዘይት ቋቱ ሥር እንጨት አድርገን በክሪክ ሞተሩን እንደግፋለን፤ የሞተሩን የቀኝ መያዣ እንፈታለን፤ የክራንኩን ፑሌጃና የቺንጋ ሽፋኖቹን እናወጣለን። እንጨቱ የክሪኩን ኃይል በሰፊ ቦታ ላይ በመበተን ቋቱ እንዳይሰረጉድ ይከላከላል። ሽፋኖቹ ሲወጡ ሁለቱንም ምልክቶች በነጭ ቀለም እናደምቃቸዋለን። በታችኛው ጫፍ የክራንኩ ጥርስ ፑሌጃ የራሱ ምልክት ሲኖረው፣ የሚገጥመውም በዘይት ፓምፑ አካል ላይ ካለው ምልክት ጋር ነው።

አምስተኛ፣ የወጣሪውን ብሎን አላልተን፣ ወጣሪውን ከቺንጋው አርቀን በጊዜያዊነት እናስረዋለን፤ አሮጌውንም ቺንጋ እናወጣለን። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ክራንኩንም ሆነ ካሙን ለየብቻ ማዞር አይገባም። የዘይት ማገጃውን ቀይረን፣ የፈሰሰውን ዘይት ከፑሌጃዎቹ ላይ ሙሉ በሙሉ አጽድተን፣ አዲሱን ወጣሪ እንገጥማለን።

ስድስተኛ፣ አዲሱን ቺንጋ ከክራንኩ ጀምረን ወጣሪ በሌለበት ወገን ወደ ካሙ እንጎትተዋለን። በዚህ ወገን ምንም ልልነት መኖር የለበትም። ሞተሩ ሲሠራ ክራንኩ ቺንጋውን የሚጎትተው በዚህ በኩል ነው፤ ወጣሪው ደግሞ በተቃራኒው፣ በልሉ ወገን ይቀመጣል። ቺንጋው በካሙ ላይ ካረፈ በኋላ በወጣሪው በኩል ዞሮ ይገባል። በመጨረሻም የወጣሪውን ብሎን በማላላት ስፕሪንጉ ቺንጋውን እንዲወጥር እንለቀዋለን።

ሁለት ዙር በእጅ

አሁን ሥራው ያለቀ ይመስላል። ምልክቶቹ ገጥመዋል፤ ቺንጋው ተወጥሯል። ሆኖም ቁልፍ አስገብቶ ሞተሪኖ ከመምታት በፊት ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር ግዴታ ነው። ሁለት የሆነበት ምክንያት ካሙ አንድ ሙሉ ዙር የሚያደርገው በሁለት የክራንክ ዙር ስለሆነ ነው።

እኛም ሁለት ዙር አዞርን። የክራንኩ ምልክት ገጠመ፤ የካሙ ግን በአንድ ጥርስ ያህል ዘግይቶ ቆመ። ለጥቂት ጊዜ ምልክቱን ከሌላ አቅጣጫ እያየን ዓይናችንን ለመጠራጠር ሞከርን። ነገር ግን ዓይናችን አልተሳሳተም። የተሳሳትነው ከላይ በስድስተኛው ተራ ያሰፈርነውን ሕግ ሳንጠብቅ ነበር። ቺንጋውን በካሙ ላይ ስንጭን በሚጎተተው ወገን ጥቂት ልልነት ትተን፣ ወጣሪው የሚያነሣልን መስሎን ነበር። ወጣሪው ግን ማንሣት የሚችለው በራሱ ወገን ያለውን ልልነት ብቻ ነው። በሌላው ወገን የነበረው ልልነት የተወገደው ክራንኩ መዞር ሲጀምር፣ ካሙ ቆሞ ክራንኩ ብቻ ጥቂት በመጓዙ ነው። መጀመሪያ የገጠሙት ምልክቶች እውነቱን አልነገሩንም፤ ምክንያቱም የነበሩት ባልተወጠረ ሥርዓት ላይ ነው።

ይህ በሚጋጭ ሞተር ላይ ሆኖ ስሕተቱም ከአንድ ጥርስ ቢበልጥ፣ በእጅ ስናዞር መፍቻው አንድ ቦታ ላይ እምቢ ባለን ነበር። በዚያን ጊዜ ኃይል መጨመር ሳይሆን ማቆም ይገባል። የሰው እጅ ቀስ ብሎ ሲያዞር የፒስቶኑ ፍጥነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሞተሪኖ ግን ክራንኩን በደቂቃ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዙሮች ሲያዞረው፣ የግጭቱ ኪነቲክ ኢነርጂ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። በእጅ የተገኘ ስሕተት የአንድ ሰዓት ድካም ያስከፍላል፤ በሞተሪኖ የተገኘ ስሕተት ቴስታታ ያስወርዳል።

ቺንጋውን አውጥተን፣ የሚጎተተውን ወገን ቀጥ አድርገን ዳግመኛ ገጠምነው። ሁለት ዙር፤ ምልክቶቹ ገጠሙ። ሌላ ሁለት ዙር፤ አሁንም ገጠሙ። ከዚያ በኋላ የወጣሪውን ብሎን በመመሪያው ልክ አጠበቅን።

ውጥረትን መለካት

ቺንጋው ከላላ ጥርስ ይዘላል፤ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ኩሽኔታዎቹን ያቃጥላል፣ ክሮቹንም ያደክማል። ለዚህ ሞተር ፍተሻው በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ባለው ነጻ ቺንጋ ላይ በ20 ኒውተን ኃይል ሲገፋ ምን ያህል እንደሚገባ መለካት ነው። 20 ኒውተን ማለት ሁለት ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ክብደት ያህል ነው። ቺንጋው መካከሉ ላይ ሲገፋ ሁለት እኩል ክንዶች ያሉት ሰፊ ማዕዘን ይሠራል። የኃይሎቹን ሚዛን ብንጽፍና ማዕዘኑ ትንሽ ነው ብለን ብንወስድ የሚከተለው ይገኛል፦

ውጥረት = (የመግፊያ ኃይል × የነጻው ክፍል ርዝመት) ÷ (4 × የገባበት መጠን)።

ነጻው ክፍል 20 ሳንቲ ሜትር፣ የገባበት መጠን 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ውጥረቱ (20 × 0.2) ÷ (4 × 0.005) = 200 ኒውተን ይሆናል። በሁለት ኪሎ ሸክምና በማስመሪያ ብቻ የ20 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል የሆነ ውጥረት ለካን ማለት ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ክራር የሚቃኝ ሰው ክሩን ሲወጥረው ድምፁ እንደሚቀጥን ያውቃል። ቺንጋውም በጣት ሲመታ እንደ ክር ይርገበገባል፤ ድግግሞሹም በውጥረቱ ካሬ ሥር ልክ ያድጋል። ነጻው ክፍል 20 ሳንቲ ሜትር፣ ውጥረቱ 200 ኒውተን፣ የአንድ ሜትር ቺንጋ መጠነ ቁስ 0.1 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ በቺንጋው ላይ የሚሄደው ሞገድ ፍጥነት 45 ሜትር በሴኮንድ፣ ድግግሞሹም 112 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። በዚህ መርሕ የሚሠሩ የድምፅ መለኪያ መሣሪያዎች በዘመናዊ ጋራዦች ያገለግላሉ።

ውጥረቱ ከተረጋገጠ በኋላ ሽፋኖቹ፣ ፑሌጃው፣ የሞተሩ መያዣ፣ ካንዴላዎቹና የውጭ ቺንጋዎቹ በተፈቱበት ቅደም ተከተል ተገላቢጦሽ ይገጠማሉ፤ ብሎኖቹም በየልካቸው ይጠብቃሉ። ቀኑና ኪሎ ሜትሩ በማስታወሻ ተጽፎ በኮፈኑ ሥር ይለጠፋል። ለእኛ «በቅርቡ ተቀይሯል» ከሚል ቃል ይልቅ እንዲህ ያለ አንድ ብጣሽ ወረቀት ቢተላለፍልን ኖሮ ብዙ በጠቀመን ነበር።

ማጠቃለያ

የቤንዚንና የናፍጣ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መወሰኑ ይታወሳል። የኤሌክትሪክ መኪና ቫልቭም ሆነ ታይሚንግ ቺንጋ የለውም። ሆኖም ቀደም ብለው የገቡት መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት በመንገዶቻችን ላይ ይቆያሉ፤ እያረጁ በሄዱ ቁጥርም የሚያውቃቸው ሰው ይፈልጋሉ። ከላይ እንዳየነው የቺንጋ ቅየራ በመሠረቱ የማዕዘን፣ የቶርክ፣ የውጥረትና የኢነርሺያ ትምህርት ነው። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሥርዓት በትክክለኛ ሁኔታው ላይ ሆኖ ሳይፈተሽ «ልክ ነው» መባል እንደሌለበት የሚያስተምር ነው።

ጉዟችን በታሰበው ቀን ተከናውኗል። በአባይ ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ስንወርድ ሞተሩ ያለ እንከን ይሠራ ነበር።

ለአንባቢ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የክራንኩ ፑሌጃ 20፣ የካሙ 40 ጥርስ ቢኖረው፣ ቺንጋው አንድ ጥርስ ሲዘል የቫልቮቹ ስሕተት በክራንክ ዲግሪ ስንት ይሆናል? በደቂቃ 6,000 ዙር ላይስ በጊዜ ስንት ነው?

2. በ20 ኒውተን ሲገፋ 5 ሚሊ ሜትር ይገባ የነበረው ቺንጋ አሁን 10 ሚሊ ሜትር ቢገባ ውጥረቱ ስንት ሆኗል? የሚሰጠው ድምፅ ድግግሞሽስ በስንት እጅ ይቀንሳል?

3. የፒስቶን ጉዞው 80 ሚሊ ሜትር፣ የእመቃ ንጥጥሩ 11 የሆነ ሞተር በላይኛው ጫፍ የሚቀረው አማካይ ቁመት ስንት ነው? ይህ ቁጥር ብቻውን ሞተሩ የሚጋጭ መሆኑን ለመወሰን የማይበቃው ለምንድን ነው?